የጠዋት ጆሮ

ነገሩ የተበላሸው «የመጨረሻውን በር ወደ ታች ከፈትኩት፤ አባቴ እርሳስ እየቀረጸ ተቀምጧል» ያልክ ጊዜ ነው። እኔ የተመስጦ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ እንደ ሌላው ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ገለጥኩት። አንተ የአንተን እንደጨፈንክ ነህ። ድምፅህ ረጋ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ ሰዉም አብሮህ ይተነፍሳል። ጎማ ነጋዴው አባትህ በሕይወትና በሙሉ ጤና ከፊት ረድፍ ተቀምጠው በኩራት ጉልበታቸውን ያሻሉ። እሳቸው በዕድሜያቸው እርሳስ ቀርጸው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እርሳስ የሚቀርጸው የእኔ አባት ነው። የሞተውም የእኔ ነው። ሕልሙም የእኔ ነበር።

ይኸው ሰላምታውን ዘለልኩት። አባቴ ቢኖር «የሰው ቤት ሳይንኳኳ ይገባል እንዴ?» ይለኝ ነበር። ልመለስና ላንኳኳ።

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ያን ቀጭን ምንጣፍ ትተህ ወፍራሙን አንጥፍ ብዬህ ነበር፤ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። እናትህስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻሉ? አባትህስ፣ ሱቁስ እንዴት ነው? ለሁሉም ሰላም በልልኝ ልል ነበር፤ ግን ስለ እኔ ምን ብለህ እንደነገርካቸው ስለማላውቅ ይቅር።

እኔ ደህና ነኝ። ለደንቡ ያህል አይደለም የምልህ። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ትናንት አንድ ግትር መንጋጋ ጥርስ ነቅዬ ሰውየው «አለቀ እንዴ?» ብሎኛል። በእኔ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ይህን ያስቀደምኩት፣ መሀል ላይ ስትደርስ «አሁንም አልተረጋጋችም» ብለህ ደብዳቤውን እንዳታጥፈው ነው። ተረጋግቼ ነው የምጽፍልህ። ተረጋግቶ መቆጣት እንደሚቻል ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

አሁን የምታውቀውን ነገር መልሼ ልነግርህ ነው፤ ታገሠኝ። ማወቅህን ስለተጠራጠርኩ ነው።

የተገናኘነው ነፋስ በበዛበት ቀን ነው። ከክሊኒክ ወጥቼ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። አንተ ቁመትህን የሚያህል መስታወት በጋዜጣ ጠቅልለህ፣ እንደ ሰው አቅፈኸው ትመጣለህ። ነፋሱ እንደ ሸራ ያዘውና ከነመስታወትህ ወደ መኪናው መንገድ ገፋህ። ሮጥኩና በወዲያኛው ጫፍ ያዝኩልህ። ስም አልተጠያየቅንም። «ቀስ! ወደ አንቺ፣ ወደ አንቺ» ትላለህ፤ «ኧረ ወደ አንተ ነው!» እላለሁ። መስታወቱ በመሀላችን ስለቆመ አንተያይም፤ ጫማህን ብቻ ነው የማየው። መንገዱን ተሻግረን፣ ከጫማ ቤቱ በላይ ያለውን ደረጃ ወጥተን፣ አዳራሹ በር ላይ ስናስቀምጠው ነው ፊትህን ያየሁት። አንድ ጥጉ በእኔ በኩል ተሰብሮ መዳፌን ቆርጦታል፤ አልታወቀኝም ነበር። ደሙን ያየኸው አንተ ነህ። መሐረብህን አውጥተህ አሰርክልኝና «ሐኪም ቤት ልውሰድሽ» አልክ። ሐኪም ነኝ አልኩህ። የምን አልክ። የጥርስ አልኩ። «እና መዳፍሽ ጥርስ አወጣ?» ብለህ ደሜ እየፈሰሰ አሳቅከኝ።

መስታወቱን እዚያው፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ሰቀልከው። ጥጉ ይቀየራል ይቀየራል እየተባለ እንደተሰበረ ቀረ። ጫማዋን ያወለቀች ሁሉ ነጠላዋን፣ ፀጉሯን የምታስተካክለው እሱ ፊት ቆማ ነው።

ያን ቀን «ግቢና ትንሽ ተቀመጪ» አልከኝ። ገባሁ። አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ አልሞላም፤ ዝም የሚባልበት ቦታ ያስፈልገኝ ነበር። የምኖርበት የአክስቴ ቤት ደግሞ፣ ታውቀዋለህ፣ ሬዲዮውም አክስቴም አይዘጉም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ስጦታ ነበሩ። ይህን አልክድም፤ ተናድጄም ቢሆን እውነቱን አልበላም። መቀመጥ፣ ትንፋሽን መከተል፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይገፉ፣ ሳይጎትቱ ማሳለፍ። ከሐዘኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳልታነቅ መውጣት የቻልኩት እዚያ ነው። አዳራሹን የሚመሩት ጋሼም ደግ ነበሩ። ለአዳራሹ ሁሉ ጋሼ፣ ለአንተ ከአባትም በላይ። እየደከሙ ስለነበር፣ ከፊት ያለውን ምንጣፍ ለማን እንደሚለቁ ሰዉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላየ ሰው ሌላውን መምራት አይችልም። አንተ ይህን ሲሉ መሬት መሬት ታይ ነበር። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እኔ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከወገቤ ሥር ለብ ያለ ነገር ተነስቶ በአከርካሪዬ ሽቅብ ይወጣል። ደስ ይል ነበር። እየዋለ እያደረ የጋለ ሽቦ ሆነ። አናቴ ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል፤ ግንባሬን ከውስጥ ይገፋል። ጣቶቼ ድምፁ እንደጠፋ ስልክ ይነዝራሉ። አምፑል ሲበራ ድምፅ አለው፤ ታውቃለህ? እኔ እሰማው ነበር። ምግብ ሲቀርብ ይገፋኛል። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ደረጃ ሲወጣ እንደዋለ ሰው ይመታል። ዓይኔን ስከድን ደግሞ ሕልሙ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ እንኳን አይታገሥም። ከመሬት ወደ ሰማይ የሚዘንብ ዝናብ አየሁ። እንደ እህል ተዘርተው የበቀሉ ጥርሶች መሀል ባዶ እግሬን ሄድኩ። ወለሉ ሁሉ በር የሆነበት ቤት ገባሁ፤ እያንዳንዱን በር ወደ ታች ከፈትኩ፤ ከመጨረሻው ሥር አባቴ፣ እንደ ልማዱ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ፣ ቀና ሳይል «ቆይ፣ ገና ነው» አለኝ። ያን ቀን የነቃሁት ትራሴ ረጥቦ፣ አፌ ውስጥ የእርሳስ ገለባ ጣዕም ይዤ ነው።

ለአንተ ነገርኩህ። ሕጋችሁ ነበር፣ ሕጋችን። እያንዳንዱ ሰው አንድ የጠዋት ጆሮ አለው። ፊት ሳይታጠቡ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ያዩትን ሁሉ ለጆሮ መንገር። ጆሮውም «ሰማሁ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም፣ ለማንም አያወራም። ያንተ ጆሮ እኔ፣ የእኔ ጆሮ አንተ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እደውልልሃለሁ፤ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ገና ጥርስሽን ሳትፋቂ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነኝ ትያለሽ!» ትላለች። ነግሬህ እጨርሳለሁ። ከዚያ «ሰማሁ» ትለኛለህ። በሕይወቴ ከዚያ ቃል የበለጠ ያቀፈኝ ነገር የለም። ሰው «እወድሻለሁ» ሲባል የሚሰማውን እኔ «ሰማሁ» ስባል ነበር የሚሰማኝ።

የአንተ ተራ ሲደርስ «ዛሬ ባዶ ነው» ትለኛለህ። ሁልጊዜ። ሰማሁ እልሃለሁ። ባዶነትን ከእኛ ሁሉ ቀድመህ የደረስክበት ቦታ አድርጌ አከብረው ነበር።

እና ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አባቴን በሰው ሁሉ ፊት አወጣኸው። ከፊት ያለው ምንጣፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥክበት ቀን ነበር። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሰዉ ሲወጣ ደረጃው ላይ ያዝኩህ። ጫማህን እያሰርክ ነበር። ያ እኮ የእኔ ሕልም ነው አልኩህ። ቀና ሳትል «ሕልም የማንም አይደለም፤ በእኛ በኩል ያልፋል እንጂ» አልክ። አባቴስ፣ እሱም በእኔ በኩል ነው ያለፈው ስልህ ነው ቀና ያልከው። በሐዘኔታ አየኸኝ። «አየሽ፣ ይህ ‹የእኔ› የምትዪው ነገር ነው የሚያቃጥልሽ። እሱን ልቀቂው፣ እሳቱም ይለቅሻል» አልከኝ። እኔ፣ በትምህርት ቤት ከአስተማሪ ጋር ተሟግቼ የተቀነሰብኝን ውጤት የማስመልስ ልጅ፣ ሳልከራከርህ ደረጃውን ወረድኩ። አላሳመንከኝም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ክርክር አይችልም፤ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል። ቤቴ ስደርስ ይቅርታ ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ።

ክሊኒክ የሆነውንም ሰምተሃል፤ ግን እንዴት እንደሰማኸው ላስታውስህ። አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አምናኝ ተኝታለች። ጥርሷን እየሞላሁ ሙቀቱ በክንዴ መጣ። መሰርሰሪያው ከጥርሱ ተንሸራቶ ከንፈሯን ላጠው። ትንሽ ነው፣ ወዲያው ተሰፋ፤ ግን የሰው ደም ነው። አለቃዬ መጥታ፣ ከሕፃን እጅ ቢላዋ እንደሚወሰድ አድርጋ መሣሪያውን ከእጄ ወሰደች። ሥራውን ራሷ ጨረሰችና ኮሪደር ላይ አስቁማ «እህቴ፣ ፍቅር ነው ወይስ ፈተና?» አለችኝ። ሁለቱም አልኳት። አልሳቀችም። እጅሽ እስኪረጋ ድረስ የማንም አፍ ውስጥ አትገቢም አለችኝ። ትክክል ነበረች።

ከኮሪደሩ ሳልወጣ ደወልኩልህ። እያለቀስኩ ነገርኩህ። አንተ ግን ድምፅህ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ልትደብቀው ሞከርክ፣ ግን ጆሮህ ነኝና ሰማሁት። «በቃ ቀርበሻል ማለት ነው። አሁን ብትተዪ ያ ሁሉ መና ይቀራል። መቀመጡን ጨምሪ፤ ማታ ማታ አትብዪ። ምን አየሽ ደግሞ ዛሬ?» አልከኝ።

ስለ አስተማሪዋ ከንፈር አልጠየቅከኝም።

የሄድኩት አብራኝ የተማረች ሐኪም ጋ ነው። ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። ትተኛለሽ ወይ? ዛሬ ምን በላሽ? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? የመጨረሻውን ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። እሷም አላጣደፈችኝም፤ ወንበሯን አስጠግታ ጠበቀች። ስጨርስ አላበድሽም አለችኝ፤ አላየሽምም አላለችኝ። ለሰው የምታዢው መድኃኒት ሁሉ መጠን የለውም ወይ፣ ይሄንንስ ማን ነው ያለ መጠን የሰጠሽ አለችኝ። ለጊዜው ጭራሽ እንዳልቀመጥ፣ እንድበላ፣ እንድሄድ፣ እንድተኛ፣ ብቻዬን እንዳልሆን ነገረችኝ። የእንቅልፍ መድኃኒትም ጻፈችልኝ። መልሼ እንድመጣ ቀን ቆርጣ፣ የቀረሁ እንደሆነ ለአክስቴ እንደምትደውል አስፈራራችኝ። ከዚያ የሚያስፈራ ነገር የለም።

እንዴት እንደተሻለኝ ልንገርህ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላዋ እንደ እኔ ስትቃጠል ታይ ይሆናል፣ ያኔ የምትላት ነገር ይኑርህ። ድንችና ሥጋ በላሁ፤ መጀመሪያ እንደ ግዴታ፣ በኋላ እንደ ሰው። አክስቴ ምንጣፎቿን ሁሉ ግቢ አውጥታ «ነፍስሽን ስታጥቢ ከረምሽ፤ አሁን ደግሞ ይሄን እጠቢልኝ» አለችኝ። ባዶ እግሬን ቆሜ እስኪያልበኝ ፈተግኩ። ሙቀቱ በጀርባዬ መውጣት ሲጀምር ዓይኔን አልጨፍንም፤ እገልጣለሁ። እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቼ ፊቴ ያለውን በስሙ እጠራለሁ፤ ወንበር፣ ካልሲ፣ መቀስ፣ የአክስቴ መነጽር። አክስቴ «መነጽሬን ምን አርጊ ነው የምትዪው?» ትላለች። እስቃለሁ። ሳቅ ኃይሉን መሬት እንደሚያወርደው ማንም አልነገረኝም ነበር። ከሕልም ስነቃም መጀመሪያ ግድግዳውን እነካለሁ፣ እግሬን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋለሁ፤ ከዚያ ነው ወዳንተ የምደውለው። ተመስጦን አልጠላሁትም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ፣ መስኮት አጠገብ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ሻይ እስኪፈላ ያህል ብቻ መቀመጥ ጀመርኩ። ይበቃኛል።

እጄ ረጋ። ሕልሙም ሳሳ። ለአንተ ነው የምሥራች ብዬ የነገርኩህ፤ ዛሬ ምንም አላየሁም፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ አልኩህ።

«ምንም?» አልክ። «ትንሽ እንኳን?»

በማግስቱም እንደዚያው። ባዶ ጠርሙስ ገልብጦ እንደሚነቀንቅ ሰው ነበር የምትጠይቀኝ። «ሰማሁ» ማለትህን ተውክ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተውክ፣ ከዚያ ደግሞ አዳራሹ በር ላይ ሳገኝህ እንደ ማንኛዋም ሴት «እንኳን ደህና መጣሽ» አልከኝ። እኔ እየዳንኩ በሄድኩ ቁጥር አንተ እየራቅክ ሄድክ። ቤቴ ተቀምጬ ማሰብ የማይገባኝን አሰብኩ፤ ልታመምለት ይሆን? አስበው እስቲ። እጄ እንዲንቀጠቀጥ፣ ሰው ከንፈር ላይ እንዳርፍ፣ አንተ ስልክ እንድታነሳ።

አልታመምኩልህም። ግን አንድ ሌላ ነገር አደረግኩ። ጠዋት ደወልኩና አየሁ አልኩህ።

ድምፅህ ወዲያው ሞቀ። ነገርኩህ። አንድ ሰው በነፋስ ውስጥ መስታወት ተሸክሞ ይሄዳል። አንዲት የማያውቃት ሴት በወዲያኛው ጫፍ ይዛለታለች። መስታወቱ በመሀላቸው ስለሆነ አይተያዩም፤ እሱ ወደ አንቺ ይላታል፣ እሷ ወደ አንተ ትለዋለች። ደረጃ ይወጣሉ። አንድ ጥጉ ተሰብሯል። በሩ ላይ ሲደርሱ ያስቀምጡታል።

እዚያ ላይ አቆምኩ። ቀጣዩን አስቀረሁልህ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩህ። ትስቃለህ ብዬ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ታዲያ መዳፏስ?» ትለኛለህ ብዬ ነበር። ይህን ብቻ ብትል አባቴን እንኳን እተውልህ ነበር።

አንተ ግን «የሰውየው ፊት ይታያል?» ብለህ ጠየቅከኝ። አይታይም አልኩ። «እንዳይታይ ይሻላል» አልክ፣ ልብስ እንደሚለካ ሰው። «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ሰማሁ።»

ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሰማሁ አልከኝ።

አዳራሹ በሚቀጥለው ስብሰባ ሞልቶ ነበር። ጋሼ ምንጣፉን ሊለቁልህ ነው ተብሎ ከሌላ ሰፈርም ሰው መጥቷል። ከኋላ፣ ሁልጊዜ የሽንኩርት ዘንቢሏን ይዛ ከምትመጣው ሴትዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይንህን ጨፈንክና «በነፋስ ውስጥ መስታወት ተሸክሜ ስሄድ አየሁ» አልክ። ሁሉንም ተረክ፤ ነፋሱን፣ ደረጃውን፣ ጥጉን። ወደ አንቺ፣ ወደ አንተ ስትል ድምፅህ ተሰበረ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን «ካንቺ በፊት ብቻዬን ነበርኩ» ያልከኝ ድምፅ ነው። ያው ራሱ፣ አንድ ፀጉር ያህል እንኳን ሳይለወጥ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ አብረን የተነካን መስሏታል።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። አየኸኝ፣ ፈገግ አልክልኝ። ጥጉ የተሰበረው በማን በኩል ነበር ብዬ ጠየቅኩህ።

«በዚያ ዓለም የእኔ በኩል፣ የአንቺ በኩል የሚባል ነገር የለም» አልክ። ሰዉ በአድናቆት አጉረመረመ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ «ይሄ ልጅ!» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ተነስቼ ወጣሁ። ጫማዬን ሳደርግ ከመደርደሪያው በላይ፣ ከተሰበረው ጥግ አጠገብ፣ ፊቴን አየሁት። በየቀኑ ጫማህን የምታወልቀው እዚያው ነው። ያ ሁሉ ሰው ስለ መስታወቱ አልቅሶ ሲወጣ ፀጉሩን አይቶበት እንደሚያልፍ አሰብኩና ደረጃው ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ምንጣፉን እንደተረከብክ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለህ አልልህም፤ ግን ልነግርብህም አይደለም። እዚህ ላይ አትፍራ። «ዛሬ ባዶ ነው» ያልከኝን ጠዋቶች ሁሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ አሁን ገብተውኛል። ለጋሼም፣ ለሴትዮዋም፣ ለአባትህም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ጆሮህ ነበርኩ። ከሁለታችን ሕጉን የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ነገር ባይኖረኝ ይህ አለኝ። ግን አንድ ጠዋት ብቻ «ባዶ ነው፣ ፈርቻለሁ» ብትለኝ ኖሮ፣ ያን ባዶህን ካየሁት ሕልም ሁሉ አብልጬ እወደው ነበር። ይህን ሳትሰማ እንዳትቀር ነው የጻፍኩልህ።

አክስቴ ከኋላዬ መጥታ «ለዚያ ለዝምተኛው ነው? አሳጥሪው፤ ከረዘመ እንደናፈቅሽው ያውቃል» አለችኝ። ይኸው ረዘመብኝ።

ከደብዳቤው ጋር መሐረብህን ልኬልሃለሁ። ብዙ ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ እድፉ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ግልጥ አድርገህ እየው።

ጤና ይስጥህ። ወገብህን ያሽርልህ። እናትህ ክሩን በአንድ ጊዜ ያስገቡ፣ የአባትህ ሱቅ ይስፋ። አንድ ቀን ደግሞ የራስህ የሆነ ሕልም ይምጣልህ፤ ትንሽም ቢሆን፣ አስቀያሚም ቢሆን የራስህ። የሚሰማህም ሰው ይስጥህ።

እኔ ግን ከእንግዲህ በሽታዬን ስጦታ ነው ብሎ የሚያስታምምልኝን ሰው አልፈልግም። ስድን የሚቀዘቅዝ ፍቅር ደጄ አይደርስም። አባቴን የማየው እኔ ነኝ፤ ሲመጣም፣ «ቆይ» ሲለኝም ለማንም አላውሰውም። ስጮህ «ልቀቂው» የሚለኝን፣ ስጠይቅ ጥበብ የሚያወራልኝን ቁጭ ብዬ አልሰማም። መዳፌን የቆረጠኝንም ነገር ሕልም ነው ሲሉኝ፣ ማንም ይሁን፣ በምንም ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ይሁን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

በወዲያኛው ጫፍ ይዤልህ የነበርኩት